ጨብጠህ ገደልከው፦ ስለ ትንሿ ቶርኖና ስለ ቀጭን ብረት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን በዚሁ የአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ ስለ ቻይናዎቹ ትንንሽ ቶርኖዎች፣ ማለትም ብረት እያሽከረከሩ ስለሚቀርጹ ማሽኖች፣ የጻፉትን አነበብኩ። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ቶርኖ የልጅ መጫወቻ ናት አሉ። ቀጭን ብረት ስጧትና አጉብጣ ሙዝ አድርጋ ትመልስላችኋለች አሉ። ሙዝ የምትለዋ ቃል አሳቀችኝ። እኔም ቤት አንድ ጣሳ ሙሉ ሙዝ አለኛ! ግን እሳቸው ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ማሽኗ ላይ ጣሉት። እዚህ ላይ አልስማማም። ካልጻፍኩ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

መቼም የሙያው ሰው አይደለሁም። ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታና እሁድ ከቅዳሴ መልስ ግን ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ ድሮ ማድ ቤት በነበረች ጠባብ ክፍል ከቶርኖዬ ጋር ነኝ። ባለቤቴ ከካልሲዬ ላይ የናስ ፍቅፋቂ መልቀም ከሰለቻት ቆይቷል። ማሽኗ 40 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። እስከ 180 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ታሽከረክራለች፣ በርዝመት ደግሞ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ትይዛለች። መርካቶ ካሉት ትልልቅ ቶርኖዎች አጠገብ ብትቀመጥ ጫጩት ነው የምትመስለው።

ነገሩ የጀመረው በቡና ነው። ሰፈራችን ያለ አንድ ካፌ የቡና መፍጫው ተበላሸ። መፍጫው ውስጥ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርሶች ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ አንደኛው ቆሞ ሌላው ይሽከረከራል። ከአንደኛው ጥርስ ስር ቀጭን የናስ ቀለበት ነበረች፣ እሷ ጠፍታለች። መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም። የካፌው ልጅ «አንተ ማሽን አለህ አይደል?» አለኝ። እንዴት የለኝም እላለሁ! ስፋቷ 58 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 2 ሚሊ ሜትር። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ቀለበቷን ሠርቼ አስገባንና ቡናው ግማሹ ዱቄት ግማሹ ክክ ሆኖ ወጣ። ማኪያቶው በአንድ ጊዜ ይመራል፣ ይቀጥናልም። ቤት ወስጄ በማይክሮሜትር ስለካት አንዱ ጎኗ ከሌላው በ0.12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ለጆሮ ትንሽ ነው። ለቡና መፍጫ ግን ብዙ ነው፣ ሁለቱ ጥርሶች በትክክል ትይዩ ካልሆኑ በአንድ በኩል ይጠባል፣ በሌላው በኩል ይሰፋል፣ ቡናውም በሰፋው በኩል ሳይፈጭ ያመልጣል።

የኔዋ ትንሽ ስለሆነች ነው ብዬ ትልቅ ቶርኖ ያለው ቤት ወሰድኩት። የቤቱን ስም አልጠራም። አምስት ቀን ቆይቶ፣ ጥሩ ብር ተከፍሎበት፣ ያው ሙዝ ሆኖ መጣ። ስለዚህ እኚያን ጸሐፊ እጠይቃለሁ፦ ያኛውስ ማሽን መጫወቻ ነበር?

መልሱን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው። ቁርጥራጭ ናስ ልገዛ ሄጄ፣ ዕድሜያቸውን በቶርኖ ላይ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ቀለበቷን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። አንድ የመስታወት ስባሪ ላይ አስቀመጧትና ጠርዟን በጥፍራቸው ጫን፣ ጫን አደረጓት። ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች።

«በቻክ ነው የያዝካት?»

«አዎ ጋሼ።» (ቻክ ቶርኖ ላይ ብረቱን ጨብጦ የሚያሽከረክረው ባለ ሦስት መንጋጋ መያዣ ነው።)

«አጥብቀህ?»

«እንዳትበር ብዬ…»

«ልጄ፣ ጨብጠህ ገደልከው። ይሄ የሚለጠፍ እንጂ የሚጨበጥ አይደለም።»

ይኸው ነው ነገሩ። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የባንክ ካርዱን ያውጣና በሁለት ጣት ጫፍና ጫፉን ጫን ያድርገው። ሆዱ ይወጣል። ቀጭን ብረትም ሦስቱ የቻክ መንጋጋዎች ከጠርዝ ወደ መሀል ሲገፉት እንዲሁ ሆዱ ይነፋል፣ በዓይን ግን አይታይም። እኛ ያንን የተነፋውን ፊት ልጥ አድርገን እንልገዋለን። ያኔ በትክክል ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ ቻኩን ስንፈታው ብረቱ ተንፍሶ ወደ ራሱ ቅርጽ ይመለሳል፣ የላግነውም ፊት አብሮት ይጎድጉዳል። ማሽኗ ያዘዝናትን ነው ያደረገችው። ደግሞ ውፍረት ሲቀንስ ነገሩ ቀስ በቀስ አይከፋም፣ በአንዴ ነው የሚከፋው፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ብረቱ ለመታጠፍ ስምንት እጥፍ ይቀለዋል። ከ4 ሚሊ ሜትር ወደ 1 ሚሊ ሜትር የወረደ ሰው 64 እጥፍ የላላ ነገር ይዟል ማለት ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ብረት የሠራ እጅ በ1 ሚሊ ሜትር ቢደናገር አይፈረድበትም።

(በነገራችን ላይ የዚህ ሙያ ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ መሆኑን ልብ ብላችኋል? ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ላሜራ፣ ራንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ። ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ከተግባረ ዕድ የወጡት ልጆች ደግሞ ሌዝ፣ ቻክ፣ ፌሲንግ ይላሉ። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ሁለቱንም እቀላቅላለሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ።)

ጋሼ በነሱ ጊዜ በማኅተም ሰም ይለጥፉ እንደነበር ነገሩኝ። ሰሙን ያሞቁታል፣ ብረቱን ይጫኑበታል፣ ሲቀዘቅዝ ይዞ ይቀራል። የሰዓት ሠሪዎችም ዘዴ ይኸው ነበር። እኔ በሰሙ ፋንታ ሱፐር ግሉ እጠቀማለሁ። አሠራሩን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው «በሙጫ ለጥፈው» ብቻ ብሎ ያልፈዋል፣ ጣጣው ያለው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ወፍራም የአሉሚኒየም ድፍን በቻኩ ይያዛል። ይሄ ወፍራም ስለሆነ የፈለጋችሁትን ያህል አጥብቁት። ፊቱ በዚያው እንደታሰረ ይላጋል። ከተላገ በኋላ ከቻኩ እንዳይወጣ! ዋናው ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ አውጥታችሁ ከመለሳችሁት እንደገና መላግ አለበት። በዚያ ፊት ላይ በመቁረጫው ጫፍ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ክብ ቦዮች አወጣለሁ፣ ትርፍ ሙጫ የሚሸሽበት ቦታ እንዲያገኝ። ቦይ ከሌለው ሙጫው አንድ ቦታ ይቋጥርና ብረቱ ያዘነብላል። ከዚያ ሁለቱንም ፊት በአሴቶን ጥርግ አደርጋለሁ፣ የጣት ቅባት እንኳ አይተርፍም። ጥቂት ጠብታ ሙጫ፣ ከላይ ብረቱ፣ ከዚያ በጠፍጣፋ እንጨት አድርጌ ከኋላ በቴይልስቶኩ፣ ከቻኩ ትይዩ ባለው መደገፊያ፣ ጫን። ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ እመለሳለሁ።

ሲላግ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ነው፣ በአንድ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር። ሙጫው ሙቀት አይወድም። 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መላላት ይጀምራል። ይሄን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። አንድ ማታ ቸኩዬ ጠለቅ አድርጌ ቆረጥኩ፣ ብረቱ ጋለ፣ ሙጫው ለቀቀ፣ ዲስኩ በጆሮዬ አጠገብ ፉት ብሎ አለፈና ከድሮው ማድ ቤት የተረፈውን አክንባሎ መታው። አክንባሎው እስካሁን እንደተጎደጎደ ነው። ከዚያ ወዲህ መነጽር ሳላደርግ ማሽኗን አልነካም፣ ዲስኩ በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ፊት ለፊትም አልቆምም።

ያው ሙቀት ግን ለመንቀል ይጠቅማል። ሥራው ሲያልቅ ዲስኩን በጋለ አየር ማሞቅ ወይም አሴቶን ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ሲሞቅ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ መስኮት ይከፈት። በምንም ተዓምር በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ እንዳታነሱት፣ ያን ሁሉ ልፋት በአንድ ሰከንድ ታጎብጡታላችሁ። አድርጌዋለሁ።

ከዚያ ብረቱ ይገለበጣል። የተላገው ፊት አሉሚኒየሙ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው ይላጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። ገበያ ላይ የምናገኘው ላሜራ በሮለር መሀል ተጨፍልቆ የወጣ ነው፣ ውስጡ ተወጥሮ ነው የሚኖረው። ሁለቱ ፊቶች እኩል ስለሚሳሳቡ ቀጥ ብሎ ይታያል እንጂ። ከአንድ ወገን ብቻ ብትልጉት ሚዛኑ ይፈርስና ያለማንም ግፊት ራሱ ይጎብጣል። ስለዚህ ከአንዱ ትንሽ፣ ገልበጥ፣ ከሌላው ትንሽ፣ ገልበጥ። አሰልቺ ነው። የመጨረሻዋን ቀለበት አራት ጊዜ ነው የገለበጥኳት።

መቁረጫውንም ላንሳ። ከቻይና ማሽን ጋር የሚመጡት የካርባይድ ጫፎች ለወፍራም ሥራ ጥሩ ናቸው። ግን አብዛኞቹ ጠርዛቸው እንዳይሰበር ሲባል በትንሹ የደነዘ ነው። 0.03 ሚሊ ሜትር ስትሰጡት አይቆርጥም፣ ያሻሻል፣ ብረቱንም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቀጭን ነገር ደግሞ ሲገፋ ይሸሻል፣ ሲለቀው ይመለሳል። እኔ ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለውን የመቁረጫ ብረት በድንጋይ ስዬ ነው የምጠቀመው፣ ጫፉም በጣም ክብ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ፤ ጫፉ ክብ በሆነ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። የመቁረጫው ጫፍ ከመሀሉ ከፍታ ጋር እኩል ካልሆነ ደግሞ ድፍን ዲስክ ስትልጉ መሀሉ ላይ ትንሽ ጡት ትቀራለች። እሷን ያየ ከፍታውን ያስተካክል፣ በሞረድ አይሸውዳት።

አሁን ወደ ማሽኗ ጥፋት እንምጣ፣ ምክንያቱም እሷም ንጹሕ አይደለችም። ፊት በሚላግበት ጊዜ መቁረጫውን የሚሸከመው ካሪጅ በብረቱ ግፊት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መታሰር አለበት። የኔዋ ላይ ማሰሪያ የሚባል ነገር የለም! አንድ ብሎንና ቁራጭ ላሜራ ገጥሜ ራሴ ሠራሁላት። ለዚህች ብቻ የከፈልኩት ለሁለት ማኪያቶ አይሞላም፣ ያመጣችው ለውጥ ግን ከምንም በላይ ነው። መቁረጫውን በምንገፋበት እጀታ ላይ ያለችው የመለኪያ ቀለበቷም ታታልላለች። በአንድ ዙር 40 ጭረት አላት፣ አንዱ ጭረት 0.025 ሚሊ ሜትር ነው። መቶኛ ሚሊ ሜትር እየፈለጋችሁ በዚህ መሥራት በኩንታል ሚዛን በርበሬ እንደ መመዘን ነው። መላው፦ ካሪጁን ማሰር፣ ከዚያ ከላይ ያለችውን፣ መቁረጫውን የምትይዘውን ትንሿን ተንሸራታች (ስላይድ) ከብረቱ ፊት በ5.7 ዲግሪ ብቻ እንድታዘነብል አድርጎ ማዞር። ያኔ በስላይዷ 0.1 ስትገፉ መቁረጫው ወደ ብረቱ የሚጠጋው 0.01 ነው። እንዲህ በአሥር ሲካፈልልኝ ሒሳብ ሠራተኛ መሆኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ሌላው የሚያታልለው ራሱ መለኪያው ነው። ብዙ ሰው ፊቱን ከላገ በኋላ የሰዓት መለኪያውን (እንደ ሰዓት መርፌ ያለውን) መቁረጫውን ከጠርዝ ወደ መሀል በሚወስደው ክሮስ ስላይድ ላይ ይገጥምና መቁረጫው በሄደበት መንገድ ከጠርዝ ወደ መሀል ይነዳዋል። መርፌዋ ንቅንቅ አትልም። ደስ ይለዋል። ግን ስላይዱ ራሱ ጠማማ ቢሆንስ? መቁረጫው የሄደው በዚያው ጠማማ መንገድ ነው፣ መለኪያውም ተከትሎት ሄደ፣ ሁለቱ ተስማሙ። ሌባን በሌባ ማስመስከር ነው። መሀሉን አልፎ ወደ ማዶው ጎን መሄድ ያስፈልጋል። እዚያ ጥመቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ደህና ቶርኖ ሲሠራ ሆን ተብሎ ፊቱን በጣም በትንሹ ወደ ውስጥ እንዲያጎደጉድ ይደረጋል፣ ወደ ውጭ እንዲያብጥ ግን አይፈቀድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጎድጓዳ ነገር በጠርዙ ዙሪያ ተደላድሎ ይቀመጣል፣ ሆዱ የወጣ ነገር ግን እንደ እንዝርት ይሽከረከራል።

ልኬት ላይ ችኮላ አይሠራም። የተላገ ብረት ሙቅ ነው፣ ሙቅ ብረት ደግሞ ትልቅ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አሉሚኒየም 20 ዲግሪ ሲሞቅ ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። አንደኛው ፊት ብቻ ሲሞቅማ ይጎብጣልም። የኔ ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ጠዋት ትበርዳለች፣ ከሰዓት ምድጃ ናት። ስለዚህ ጠዋት የላግሁትን ጠዋት ነው የምለካው። በካሊፐር አይሆንም፣ በማይክሮሜትር ነው፣ ያውም ዙሪያውን በማርከር ስምንት ቦታ ምልክት አድርጌ።

አንድ ወዳጄ ደግሞ ሙጫውን ተወው፣ በአየር ሳበው ብሎኝ ነበር። ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ቻኩ ላይ ይገጠምና በአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ከኋላው አየር ይመጠጣል፣ ብረቱን የውጭው አየር ራሱ ተጭኖ ይይዘዋል። በጣም ወደድኩት፣ እስክሪብቶ እስካነሳ ድረስ። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ዲስክ ጅቡቲ ላይ 20 ኪሎ በሚያህል ኃይል የሚይዘው መሣሪያ፣ ፒያሳ ላይ ቢበዛ 15 ኪሎ ነው የሚይዘው፣ እሱም ፓምፑ ፍጹም ሆኖ ምንም ካላፈሰሰ። መብራት ሲሄድስ? ፓምፑ ቀጥ ይላል፣ ቶርኖዋ ግን ገና እየተሽከረከረች ናት። አክንባሎዬ አንድ ጊዜ ተመትቷል፣ ይበቃዋል።

ብዙ ተመሳሳይ ዕቃ የሚሠራ ሰው ደግሞ ለስላሳ መንጋጋ ይጠቀም። ከአሉሚኒየም የተሠራ መንጋጋ ይገጠማል፣ ከዚያ እዚያው ቻኩ ላይ በብረቱ ልክ ደረጃ ይቆረጥለታል። ብረቱ በሦስት ነጥብ መያዙ ይቀርና ዙሪያውን ይታቀፋል፣ ከኋላውም ይደገፋል። በተራ መንጋጋ የግድ መያዝ ካለባችሁ ደግሞ ከኋላው ቀጥ እንዲል እኩል ቁራጮች አስደግፉ፣ በቀስታ አጥብቁ፣ ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት ቁራጮቹን አውጡ። አውጡ!

ካፌውን እንዳልረሳው። አምስተኛዋ ቀለበት በስምንቱም ቦታ ከ1.99 እስከ 2.00 ሚሊ ሜትር ተለካች። ያችው ጫጩት ቶርኖ ናት የሠራቻት። ልጁ መፍጫውን ሲያስነሳው ድምፁ ራሱ ተለወጠ፣ ድሮ ያጓራ ነበር፣ አሁን ያፏጫል። ዋጋውን ጠየቀኝ፣ በማኪያቶ ይታሰብ አልኩት። እስካሁን እየጠጣሁ ነው።

ለአዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጣችሁ ስለ መለዋወጫ እጥረትና ስለ ዶላር በየሳምንቱ ይጽፋል። ምናለ ግማሽ ዓምድ እንኳ ለእንዲህ ዓይነቱ የእጅ ሥራ ብትሰጡ? ምናለሽ ተራ ሄጄ ጋሼን ካገኘሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነበር፣ በሁለተኛው ላይ ቦታቸው ተዘግቶ አገኘሁት። ጎረቤቶቻቸው ወደ ልጃቸው ቤት ሄደዋል አሉኝ፣ የትኛው ሰፈር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስለ ሰሙ አያያዝ ልጠይቃቸው የነበረ ገና ብዙ ነበረኝ።

ለምን መሰላችሁ? አሁን ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር የነሐስ ዲስክ ታዝዤ ተቸግሬአለሁ፣ ለአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ነው። ሙጫው በደንብ ይይዛል፣ ላጋውም ጥሩ ነው። ስነቅለው ግን በየጊዜው እንደ ቺፕስ እየተጠቀለለ ይወጣል። አሞቅሁት፣ አሴቶን ውስጥ አንድ ሌሊት አሳደርኩት፣ ያው ነው። በሰም የሠራ ሰው ካለ በዚሁ ገጽ ይጻፍልኝ። ሙዝ ብለው የጻፉት ሰውም ቢሆኑ ቅር አይለኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ